ልብስ አፍ የለውም

ቅዳሜ፣ ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. በማቅለሚያ ቤቱ ትልቁ በርሜል ውስጥ አንድ የወንድ ካፖርት እንደተዘፈዘፈ ተገኘ። ዓርብ የነከረችው እህቴ ናት። ቅዳሜ ጠዋት አውጥታ፣ አለቅልቃ፣ ጥላ ላይ ልትሰቅለው ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን በእንቅልፏ አርፋ ያን ቀን ከአልጋዋ አልተነሳችም። ካፖርቱን ያወጡት የሥራ ባልደረባዋ ናቸው። ቀለሙ ውስጥ ከሚገባው በላይ ስለቆየ ኮሌታው ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ጠቁሯል። ባለቤቱ መጥቶ አየው፣ መሞቷን ሲሰማ ክንዱ ላይ አጥፎ ይዞት ሄደ።

ሙያዬ ሰነድ መጠበቅ ነው። እዚህም ያየሁትን ካየሁት፣ የነገሩኝን ከነገሩኝ ለይቼ እጽፋለሁ።

እትዬ ነበር የምላት። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማቅለሚያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከፊት የልብስ መቀበያ ባንኮኒና የካውያ ጠረጴዛ፣ ከኋላ በርሜሎቹ፣ ከዚያ ሽቦ የተወጠረበት ግቢ። የደበዘዘ ልብስ ይመጣል፣ ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የእትዬ ጥፍር ነጥቶ አይቼው አላውቅም። ደንበኛ ሁሉ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦

«ይለቃል?»

«እኔ የነከርኩት አይለቅም። ከለቀቀ ልብሱን ፊቴ ላይ ወርውሩብኝ» ትላለች። የወረወረባት አልነበረም።

ባልደረባዋ ካውያ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ተኳሹ» ይላቸዋል። አዲስ ደንበኛ ስማቸውን ሰምቶ ሲደነግጥ «አይዞህ፣ እኔ የምተኩሰው ሱሪ ነው፤ እስካሁን የሞተብኝ የለም» ይሉታል። ከእትዬ ጋር በአንድ ጉባኤ ያመልኩ ነበር። ሲጨቃጨቁ ለሰማቸው ባልና ሚስት ይመስሉ ነበር፤ ግን አልነበሩም። የእትዬ ባል ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። የተወላት አንዲት ሴት ልጅ ነበረች።

ልጅቱ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ተኛች። ይህን አይቻለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ «ለቀቃት» አለ፤ ትኩሳቱን ማለቱ ነው። እትዬ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች፣ አመሰገነች፣ ነርሷ እስክትቆጣ ድረስ አመሰገነች። ከሰዓት በኋላ አገረሸባት። ማታ ላይ ልጅቱ አልነበረችም።

እትዬ አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከአንድ ሰው ጋር ሒሳብ እንደምትዘጋ ሁሉ ረጋ ብላ፣ «ለቀቅካት? እንግዲያው እኔም ለቅቄሃለሁ» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። እኔን አላየችኝም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጸሎት ቤቱን ደጅ አልረገጠችም። ሰው ሲጠይቃት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ከዚያ አንድ እሁድ ተነስታ ሄደች። ለምን እንደሄደች ጠይቄያት «እንጃ» ብላኛለች፤ ሌላ መልስ የለኝም። ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፣ ማንም «የት ነበርሽ?» አላላትም። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ የጌታ እራት ሲታደልም ከሌላው ጋር ትወስድ ነበር። ያ ዘመን ደህና ዘመን ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጉር እንደነበረ አስታውሳለሁ።

ያበላሸው አንድ ስብከት ነው። አዲስ ወጣት ሰባኪ መጣ። አንድ ቀን፣ ብርሃኑን አይተው፣ ቀምሰው፣ በገዛ አፋቸው ስለካዱ ሰዎች ሰበከ፤ እነዚህን እንደገና ማደስ የማይቻል ነው አለ። ጋሼ ተኳሹ አጠገቧ ነበሩ። «የተቀለመ ጥፍሯን የምትሸፍንበትን ጓንት እጇ ላይ አጥልቃ አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ የወሩ መጀመሪያ እሁድ ሲደርስ እራቱን እንጀምር ሲባል ትነሳና በጎን በር ትወጣለች። እስኪያልቅ ግድግዳው ሥር ትቆማለች። ዝናብም ቢሆን።

ጋሼ ተኳሹ ይህን ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላቸው ሄጄ የሰማሁት ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተጠምቀሻል አይደል? ተነክረሽ ወጥተሻል! አንቺ የነከርሽው አይለቅም እያልሽ ሰፈሩን ታደነቁሪያለሽ፤ እሱ የነከረው ነው የሚለቀው?»

«ጋሼ፣ ካውያው ሸሚዙን እያቃጠለው ነው።»

«ይቃጠል! መልሺልኝ።»

በርሜሉን በዱላ ታማስል ነበር። ዱላውን አላቆመችም።

«ልብስ አፍ የለውም» አለች። «ስነክረው ዝም ብሎ ይነከራል። ልቀቂኝ አይልም። ለቅቄሻለሁ ብሎኝ የሄደ ልብስ አይተው ያውቃሉ?»

«ከእጁ የሚነጥቅ የለም ተብሏል።»

«የሚነጥቅ የለም። እኔን ማን ነጠቀኝ? ራሴ ዘልዬ ነው የወረድኩት።»

ጋሼ ተኳሹ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርከው፣ እስቲ ንገራት» አሉ። ሻዩን ቀዳሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የማውቀው ከሁለቱም ነው፤ አነጋገራቸው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ግቢው ውስጥ ማምሻውን የተሰቀሉ ጥቁር ልብሶች ሲንጠባጠቡ እትዬ ቆም ትላለች። «ምን አሉ ጋሼ?» ትላለች። «ምንም አላልኩም።» «ተናገሩ እኮ።» «ካውያው ነው የተነፈሰው።» መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ልብስ ልታወርድ ስትወጣ በሽቦዎቹ መሃል ማለፍ ተወች፤ በዳር በዳር እየዞረች፣ እጇን ብቻ አስገብታ ታወርዳለች። አንድ ቀን አስጨንቀው ሲጠይቋት ነገረቻቸው። የምትሰማው የሌላ ሰው ድምፅ አልነበረም። የገዛ ራሷ ድምፅ ነው፤ የኮሪደሩ። በዚያው ርጋታ፣ ከልብሶቹ ኋላ፣ «ለቅቄሃለሁ» ይላል።

«ልጅቱን ብሰማ እንኳ ደስ ባለኝ» አለቻቸው። «እሷ አንድም ቀን አልመጣችም። የምመጣው እኔው ነኝ።»

በግንቦት መጨረሻ ሰባኪው ራሱ ሱሪ ሊያስነክር መጣ። ጋሼ ተኳሹ ካውያውን ነቅለው ጆሯቸውን አቆሙ፤ ለነገሩ አላፈሩም፣ «ሰማሁ እንጂ አልሰረቅኩም» ነው ያሉኝ። እትዬ ሱሪውን ተቀብላ ብርሃን ላይ ዘርግታ እያየች ጀመረች።

«ያ ስብከት ስለ እኔ ነበር?»

ሰባኪው ክው አለ። «ኧረ እትዬ! እርስዎን አስቤ አላውቅም።»

«እንግዲያው ስለ ማን ነበር?»

«ጥለው ስለሄዱት።»

«እኔም ጥዬ ሄጃለሁ። በአፌ ተናግሬ ነው የሄድኩት።» ነገረችው፤ ከትኩሳቱ ጀምራ እስከ ግድግዳው ድረስ። ሱሪውን እንደዘረጋች።

ሰባኪው ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «እና ማን መለሰዎት?» አላት።

«ልማድ ይሆናል።»

«ልማድ ዝናብ ላይ ያቆማል?»

ስትቆም አይቷት ኖሯል። እትዬ ሱሪውን ገለበጠችው። እሱም ቀጠለ፦ «እትዬ፣ እኔ ያን ቃል እንደተጻፈ አነበብኩት። አሁን ቢጠይቁኝ የጠፋ ሰው መጥፋቱ ያስጨንቀዋል ወይ ብዬ ነው የምጠይቅዎት። ግን ማልልኝ ካሉኝ አልምልም። አላውቅም።»

«አለማወቅህን በመናገርህ ተባረክ» አለችው። ከዚያ የሱሪውን ጉልበት በጣቷ እያሸች፣ «ይሄ ፖሊስተር አለበት፤ ቀለም አይዝም። ለሌላ ነገር አድርገው» ብላ መለሰችለት። ጋሼ ተኳሹ ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በሰኔ ውስጥ እሷን ሦስቴ ወይ አራቴ አይቻታለሁ። ስለዚህ ነገር አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ከስታ ነበር። ጥያቄዋ ይመለስላት አይመለስላት አላውቅም፤ እንደተመለሰላት አድርጌ ብጽፍ ሐሰት ይሆናል። ግቢው ውስጥ በዳር በዳር መዞሯን እስከ ዓርብ አልተወችም ብለውኛል ጋሼ ተኳሹ።

ዓርብ ዕለት ካፖርቱን በርሜል ውስጥ ከትታ፣ እጇን ታጥባ፣ «መጣሁ» ብላቸው ወጣች። የሄደችው ጥግ ላይ ወዳለው ጫማ ሰፊ ነው። እሱን ራሴ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። የሶሉ ጫፍ የተላቀቀ ጥቁር ጫማ ከሰኞ ጀምሮ እሱ ዘንድ ነበር፤ ገና መለጠፉ ነበር።

«እትዬ፣ ሰኞ ቢወስዱት ይሻላል፤ ማስቲሹ በደንብ ይድረቅ» አላት።

«አይሆንም። ከነገ ወዲያ እፈልገዋለሁ።»

ከነገ ወዲያ እሁድ፣ ሐምሌ 1 ቀን ነበር።

«ምነው፣ ሰርግ አለ?»

«እራት ተጠርቻለሁ።»

«እራት ከሆነማ ገና ማታ ነው፤ እሁድ ቀን ይምጡና ይውሰዱት።»

«የእኔ እራት በጠዋት ነው» አለችው። ጫማ ሰፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሷም እንደ ሳቀች ነግሮኛል። ሶሉን መዶሻ ደገመላት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ተጫማች፣ እስከ ደጃፉ ሄዳ ተመለሰች፣ ግራው ትንሽ ይይዛል ብላ ክሩን አላላች። ከዚያ አወለቀች፣ በጋዜጣ ጠቀለለችው፣ ፌስታል ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች።