የአዳራሹ የመጨረሻ አባል

እድራችን የሚሰበሰበው እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አንድ የድሮ የወንድማማች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነው። ቁልፉን የያዙት ፈረንጅ ሽማግሌ የማኅበሩ የመጨረሻ አባል ናቸው። አንድ እሁድ ሽማግሌው፣ ድሮ የአገሩ የገጠር ገበሬዎች ማኅበሩን ሲያቋቁሙ የጻፉትን ደንብ አነበቡልን፦ የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ይቀበራል፣ ከቀብር የቀረ ይወቀሳል። እድርን አሜሪካ ያስገባነው እኛ ይመስለኝ ነበርና ትንሽ ተናደድኩ።

«ሬሳ የሚሸከሙት ስድስት ወንድሞች ናቸው ይላል፤ እኔ ግን ብቻዬን ቀርቻለሁ» ብለው ሳቁ።

ሊቀመንበራችን አልሳቀም። የእድራችንን አባላት ዝርዝር አውጥቶ የሽማግሌውን ስም ጻፈበት።

በወሩ እንደ ልማዴ አርፍጄ ስብሰባው ላይ ደረስኩ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ዞር ብለው ሰዓታቸውን አሳዩኝ።

«ለእኔም ቀብር እንዲህ ልታረፍድ ነው?» አሉኝ።