ለንስሐ አባት የተተወ ተግሣጽ

ወይዘሮ ካሣዬ በአሰላ ገበያ ቆሎና በሶ እየሸጠች አንድ ልጇን ደገፋን ያሳደገች፣ ጾም የማትገድፍ፣ ኪዳን የማታስታጉል ሴት ናት። ባሏ በዴራ መንገድ በመኪና አደጋ ካረፈ ወዲህ ልጇን ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። ሲያጠፋ ዝም ትላለች፤ በየወሩ ቤቷን ጠበል ሊረጩ ለሚመጡት የንስሐ አባቷ ለአባ ወልደአማኑኤል ግን አንድ ሳታስቀር ትነግራለች። ቁጣውንም ምሕረቱንም ለእሳቸው ትታ፣ ይህንኑ እግዚአብሔርን መፍራት አድርጋ ትቈጥረው ነበር።

ደገፋ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከሰፈር ሱቅ ብስኩት ሰረቀ። ማንም አላየውም። በማግስቱ ግን እያለቀሰ እናቱ ጉያ ገባና በገዛ አፉ ነገራት። ያን ጊዜ መክራ፣ ይቅርታ አስጠይቃ ብትምረው ኖሮ ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። እርሷ ግን አባ እስኪመጡ ጠበቀች፤ በመጡም ጊዜ ጎረቤት በተሰበሰበበት ስርቆቱን ነገረቻቸው። አባ ገሠጹት፣ አሰገዱት፣ ባረኩትም። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ የልቡን ለእናቱ ነግሮ አያውቅም። እርሷም ዝምታው ጨዋነት መስሏት ደስ አላት።

ዘንድሮ፣ ከጎረመሰ በኋላ፣ ትምህርቱን ትቶ ከጫት ቃሚዎች ጋር መናኸሪያ መዋሉን የሰማችው ከሰው ነው። አባን ልትጠራ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ጎረቤቷን ሀሊሜን ደጃፍ ላይ አገኘቻትና ጉዳዩን ነገረቻት።

«የወለድሽው አንቺ፣ የሚቆጡልሽ ቄሱ» አለች ሀሊሜ። «እስቲ ዛሬ እንኳ ራስሽ አነጋግሪው።»

ቃሉ ገባትና ተመለሰች። ራት አቅርባ፣ ምን ነካህ ልጄ፣ ብላ ጠየቀችው። ደገፋ ቀና ሳይል፣

«ለአባ ልትነግሪ ነው?» አላት።

«በመስቀሉ፣ አልነግርም።»

«ምንም አልሆንኩም» አላት፣ ሳያምናት።

ከዚህ በኋላ የምትለውን ፈለገች። ልጅ የሚመከርበትን ቃል ሁሉ ሌላ ሰው ሲናገርላት ኖሯልና አንድ እንኳ አላገኘችም። ሳህኑን አነሣች።

ደገፋ ሳምንት ሳይሞላ የእህል መኪና ረዳት ሆኖ ወደ አቦምሳ ሄደ። የእናቱን ስልክ አያነሣም፤ ለሀሊሜ ግን ይደውላል። ሀሊሜም ካሣዬን አጠገቧ አስቀምጣ የስልኩን ድምፅ ከፍ ታደርግላታለች። ባለፈው ጊዜ ወባ ይዞት መሰንበቱን፣ ሥራውም እንደከበደው ተናገረ።

«ለእማዬ ግን አደራ፣ እንዳይነግሯት።»

ካሣዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሰማች።