ጎመን መደብ ውስጥ የተቀበረችው ዳዮድ

ማለዳ፣ ጎንደር

ጥር ሲጋመስ በደባርቁ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የምሄደው ዳባት ጤና ጣቢያ ነው። ታንከሩ ሲሞላ የውሃ ፓምፑን እንዲያጠፋ የሠራሁት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ሁለት ቺፕ አቃጥሎብኛል። ቺፕ ባለ ብዙ እግር ጥቁር ዕቃ ናት፤ የምትመጣውም ከባሕር ማዶ ነው። የመጀመሪያዋ ስትቃጠል፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዳዮድ የምትባል ትንሽ ዕቃ ከደብዳቤ ጋር ልኬ ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለተኛዋ ተቃጠለች። የቀረችኝ አንዲት ስትሆን እሷንም በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከትቻታለሁ። እሷም ከተቃጠለች የፓምፑ ጠባቂ አያ ተሰማ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ድሮው መሰላል እየወጡ ታንከሩን ሊያዩ ነው። ባለፈው ወር ወድቀው ለጥቂት ተርፈዋል።

ወለቃ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ጀበና ይዛ ገባች፤ አንዱን እኔ ታቀፍሁላት። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትኩስ ሽሮ በልቼ ነፍሴ መለስ አለች።

እኩለ ቀን፣ ዳባት

«አያ ተሰማ፣ በደብዳቤ የላክሁልዎ ዳዮድ የታለች?»

በኩራት ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከሰሌዳው የተነሣ ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ጎመኑ መሐል ገብቷል።

«አንዱን ጫፍ ከምድር እሰሩ አላልኸኝም? ይኸው ቀበርኋት። እንዳትደርቅም ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣታለሁ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ምነው ትስቃለህ? የጻፍኸውን ነው የፈጸምሁ!»

እውነታቸውን ነው፤ አፈርሁ። እኛ ባለሙያዎች «ምድር» የምንለው ሰሌዳው ላይ ያለውን የዜሮ መስመር ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ሽቦው ላይ ከዜሮ በታች የሚወርድ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠርና ቺፗ ትእዛዝ በምታወጣበት በመውጫ እግሯ ገብቶ ያቃጥላታል። ዳዮዷ እዚያው የቺፗ እግር ሥር ሆና ምቱን ወደ ዜሮው መስመር መመለስ አለባት። ጓሮ የተኛ ዘበኛ የፊት በር አይጠብቅም።

ዳዮዷን ቆፍሬ አውጥቼ ጠረግኋት። ነጭ ቀለበት ያለበትን ጫፏን ወደ ቺፗ መውጫ እግር፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ዜሮው መስመር አድርጌ በየድኋት። የመጨረሻዋን ቺፕ ሰክቼ ፓምፑን አስነሣሁ። ታንከሩ ሞላ፤ ፓምፑ ጸጥ አለ። ቺፗን በጣቴ ነካኋት፤ ቀዝቃዛ ናት። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ምንም አልሆነችም።

«ሸጋ!» አሉ አያ ተሰማ። «እንግዲህ መሰላሉ ላይ ዶሮ ይስፈርበት።»

በማግስቱ፣ ቤቴ

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ገባሁ። ሁለተኛዋን ቺፕ ያቃጠለው የእኔ ብዕር መሆኑን ተምሬ ተመልሻለሁ። ተመሳሳይ ሰሌዳ ላለው ለደባርቅ ጤና ጣቢያ ደብዳቤ ጻፍሁና፣ ሽቦ ነክታ ለማታውቀው ባለቤቴ አነበብሁላት። «ዳዮዷን ከእግሩ ጋር እሰሩ» ስል አስቆመችኝ።

«ቆይ እስቲ፣ የማን እግር?»

ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርሁ።