ድልድዩ ጋ ያወረድኩት ሰው

የያዙኝ ባጃጄን እያጠብኩ ነው። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ሁለት ሰዎች መጡና «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። በእኛ አገር ለአምስት ደቂቃ የተፈለገ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ቢሄድ ይሻለዋል። እኔ ግን እርጥብ ሸሚዜን እንኳ ሳልቀይር ተከተልኳቸው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው እስካሁን አልለቀቀውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የጋምቤላን ሙቀት ለሚያውቅ ይኼ ብቻ ይበቃዋል፤ ለማያውቅ ደግሞ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ጀርባን ማስደገፍ አይቻልም። ከራስ በላይ በሽቦ የተዘጋች አንዲት መስኮት አለች፤ ሰዉ ተራ ይዞ ከሥሯ ይቆምና አየር ይስባል። እኔ ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከበሩ እስከ ውሃው ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ እስከ በሩ እመላለስ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ እንጂ! ወለሉን ጨረስከው እኮ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ለምን ታሰሩ ሲባሉ «እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ» ይላሉ።

ዞር ስል ጥጉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠውን ሰው አየሁና ክው አልኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳለን አንድ ድንኳን ውስጥ አብረን ያደርን ልጅ ነው፤ አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኗል። አባቱ የዚሁ የጋምቤላ ሰው ናቸው፣ የእናቱ ወገኖች ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን ናቸው። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አቦቦ ነው ያደግኩት።

«አንተም?» አለኝ።

«እኔም።»

«በፓስተር ጉዳይ ነው፣ ብራዘር። እሳቸውንም ይዘዋቸዋል።»

ፓስተሩ በየዓመቱ፣ ትምህርት ቤት በግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ አልዌሮ ግድብ አጠገብ የወጣቶች ካምፕ ያዘጋጁ ነበር። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔ የሄድኩት ለጸሎት ሳይሆን ኳስ አለ ስለተባልኩ ነው። ሰውዬው እንደ ሌሎቹ ሰባኪዎች አይጮሁም። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፣ ቁጭ ብለው ነው የሚናገሩት። ሦስት ዓመት ተመላለስኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ሰርግ ካለ ብቻ ነው፤ የእሳቸው ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል።

የተከሰሱበትን ነርሱ በሹክሹክታ ነገረኝ። ከተማው በወገን ተከፍሎ የተረበሸ ዕለት ወጣቱን ድልድዩ ጋ ሰብስበው ለድብድብ አሰማርተዋል ተብለዋል። ይኼ ከጸናባቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሕይወት ከእስር ቤት የሚወጡ አይመስለኝም ነበር።

«መላ አለኝ» አለ ነርሱ። «ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አብረናቸው ወንበር ስንጠግን ነበር እንላለን። አንተም እኔም አንድ ቃል።»

«እንዴት ሆኖ? እኔ እኮ አድርሻቸዋለሁ!»

«የት?»

«ድልድዩ ጋ ነዋ! በዚችው ባጃጅ!»

ፊቱን አዞረ።

ያን ጠዋት ገበያው አካባቢ ጭስ ሲወጣ ወደ ቤቴ ለመግባት እየተጣደፍኩ ነበር። ፓስተሩ መንገድ መሃል ገብተው አስቆሙኝና ተሳፈሩ። «ንዳ፣ ልጄ፣ ንዳ። ልጆቼ እዚያ ናቸው። ወደ ቤት እመልሳለሁ» አሉኝ። ድልድዩ አፍ ላይ አወረድኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሰዉ መሃል ገቡ። ሸሚዙን ጭንቅላቱ ላይ የጠመጠመ፣ ጀርባውን የሰጠኝ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ነበር፤ ዱላውን ቀምተው ባሮ ወንዝ ውስጥ ሲወረውሩት አየሁ። ከዚያ ድንጋይ በባጃጄ ጣሪያ ላይ አለፈ፣ እኔም ዞሬ ፈረጠጥኩ። ይኼንኑ ለነርሱ ነገርኩት።

«ይኼን ሁሉ ምን አስፈለገ?» አለ ነርሱ። «ግቢ ውስጥ ነበሩ በል፣ አለቀ!»

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል፤ የተኙ መስሎን ነበር። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አሉ፣ ሳይገልጡ። «ባጃጇን ያየ ሌላ ሰው የለም?»

እኔን ግን የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ካምፑ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ምስክርነት ይሰጥ ነበር፤ እያንዳንዳችን እየተነሳን ጌታ ያደረገልንን እንናገራለን። እኛ ደግሞ ውድድር አደረግነው። አንዱ ግድቡ ላይ መልአክ ሲራመድ አየሁ ይላል፣ ሌላው ጅብ የጌታን ስም ስጠራበት ተንበረከከ ይላል። ይኸው ነርስ ያን ጊዜ ተነሳና «ወባ ይዞኝ ጸለይኩ፣ በማግስቱ ድኜ ተነሳሁ!» አለ። ሃሌሉያው ድንኳኑን ሊነቅለው ነበር። ፓስተሩ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁና «ክኒን ዋጥክ?» አሉት።

«ዋጥኩ።»

«እሱንም ተናገር። እግዚአብሔር ግማሽ ወሬ አይፈልግም።»

እንደገና አስነስተው ከነክኒኑ አስመሰከሩት። ከዚያ ወዲያ ማንም ለምስክርነት ሲቆም ከኋላ አንዱ «ክኒኑስ?» ብሎ መጮኹ አይቀርም ነበር። ትልቅ ሰው ሆነን እንኳ፣ መንገድ ላይ ስንገናኝና አንዳችን ነገር ስናጋንን፣ ሌላው «ክኒኑስ?» ይላል። አሁንም ጠጋ ብዬ «ክኒኑስ?» አልኩት። አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ ተጠራሁ። የመርማሪው ክፍል የጣሪያ ማራገቢያ ነበረው፤ ሳልጠየቅ ሄጄ ከሥሩ ቆምኩ። የባጃጄ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ያን ዕለት ፓስተሩን ድልድዩ ጋ አድርሰሃል?»

ወንበር ሲጠግኑ ነበር የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አድርሻለሁ» አልኩ።

ፈጠን ብሎ ጻፈ። ወረቀቱንና ቁልፉን አንድ ላይ ወደ እኔ ገፋቸው። «ጎበዝ። ፈርምና ሂድ።»

«አልጨረስኩም እኮ።»

«ውሸት ጻፍኩ?»

«አልጻፉም። ግማሹን ነው የጻፉት።»

ልጄ ያን ሰሞን ጥርስ እያበቀለች ነበር፤ ቁልፉን ባየሁ ቁጥር እሷ ትታየኛለች። ፈራሁ። ቢሆንም ፓስተሩ ባጃጅ ውስጥ ያሉኝን፣ ዱላውን ሲቀሙ ያየሁትን፣ ከዚያ በኋላ ፈርጥጬ ስለሄድኩ ያላየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አላነሳም።

«ዱላ የተቀማው ማነው?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«ስለዚህ የለም ማለት ነው።» ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እሺ፣ ግባና ወለሉን ለካ።»

ነርሱ በር ላይ ጠበቀኝ። ያልኩትን ስነግረው አንገቴን ያዘኝ። «ድልድዩ ጋ አድርሻለሁ አልክ? ገደልካቸው! በእጅህ ገደልካቸው!» ሐጂ መሃላችን ገብተው ለያዩን። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላናገረኝም። እኔም እየተመላለስኩ ራሴን እረግም ነበር፤ ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ፣ ለሚወዱት ሰው አንድ ውሸት ምን ይጎዳል? እሳቸው ናቸው እንዲህ ያደረጉኝ እያልኩ እሳቸውንም ረገምኩ።

በማግስቱ ጠዋት የተጠራው ነርሱ ነው። ወዲያው አልወጣም። ለቀኑ ከደረሰው የመጠጥ ውሃ በመዳፉ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ እስከ አንገቱ ቆለፈው። ጠባቂው ሲጮህበት «እየመጣሁ ነው» አለ፣ ሳይቸኩል።

ሲመለስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምን እንዳለ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ዱላው የኔ ነበር» አለ።

«ምን?»

«በዋዜማው ታናሽ ወንድሜን ደብድበውት ነበር። ሰው ልመታ ነው የወጣሁት፣ ብራዘር። ፓስተር ቀሙኝና ‹ወደ ቤት› አሉኝ። አልቅሼ ሄድኩ። እንዲሁ ነገርኩት፣ ጻፈው።»

«ምን አስቸኮለህ? በራስህ ላይ እኮ ነው!»

«አንተ ያየኸው ጀርባ ነው። ጀርባ አያስፈታቸውም።»

ሐጂ መስኮቷ ሥር ቆመው ነበር፤ ተራቸው ገና አላለቀም። ቀስ ብለው መጥተው የነርሱን ክንድ ያዙና በራሳቸው ቦታ አቆሙት። «ሳብ፣ የኔ ልጅ፣ አየር ሳብ» አሉት።

ፓስተሩ ከመካከላችን ቀድመው ተፈቱ። ቀጥሎ ሐጂ፣ ዛሬም ለምን እንደታሰሩ ሳያውቁ፤ ከዚያ እኔ። ነርሱ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ወረደ፤ ይኸው እስካሁን እዚያው ነው። በየእሁዱ ፓስተሩን ከነምግቡ ባጃጄ ላይ አሳፍሬ አደርሳለሁ። እኔ ግን አልገባም። ያን በር ሳይ እግሬ መረጋጋት ያቅተዋል፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ውጭ እጠብቃቸዋለሁ።

ባለፈው እሁድ በሩ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእሱ ቦታ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይናገሩት ነበር?»

የምግቡን ሳህን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። አርጅተዋል። ጥቅስ ይጠቅሱልኛል ብዬ ነበር፣ ልቆጣም ተዘጋጅቼ ነበር።

«አላውቅም» አሉ። «እኔ አስተማርኩ። የተጠየቀው እሱ ነው።»

ወርደው ምግብ ይዘው ከመጡት ሴቶች ኋላ ተሰለፉ። ሞተሩን አጠፋሁና ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ።