ስሙ ከፎቶው ጋር

አክስቴን ቢሮ ውስጥ «ማስቲሽ» ይሏታል። ወጣትነቷን የፈጀችው ጋዜጣ ማተሚያ ቤት፣ ፎቶና ጽሑፍ በመቀስ እየቆረጠች በማስቲሽ ስትለጥፍ ነው። ኮምፒውተር መጥቶ መቀሷን ሲያስጥላት፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ ከእኔ ጋር ድረ ገጽ መሥራት ተማረች። እኔ ላይ ስድስት ወር የፈጀውን በሦስት ወር ጨረሰችው፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ክሊኒክ ገጽ ሠራን። የሐኪሞቹ ፎቶ፣ ከየፎቶው ሥር ስማቸው። አለቃችን እንደ ልማዱ ስሞቹን ሁሉ ከገጹ ጥግ እየለካ አስቀመጣቸው። በእሱ ሰፊ ስክሪን ላይ ቅልብጭ ያለ ሥራ ነበር።

«ይሄማ ስልክ ላይ ይበታተናል» አለች አክስቴ። «ፎቶው ሲንሸራተት ስሙ ባለበት ይቀራል።»

«ደንበኛዋ ደርሳለች። የተባሉትን ያድርጉ፤ ካልሆነ ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።» ሲያባርር እንኳ አንቱታው አይጎድልበትም።

እኔ ደሞዜን አስቤ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «እንቢ!» አለች። ቀድማ የራሷን ሠርታ ነበር፦ እያንዳንዱን ፎቶ ከነስሙ አንድ ሳጥን ውስጥ ከታ፣ በኮዱ ቋንቋ ሳጥኑን «ሪላቲቭ»፣ ስሙን «አብሶሉት» ብላዋለች። ስሙ የሚለካው ከሳጥኑ ጥግ ስለሆነ ሳጥኑ በሄደበት ይሄዳል። ቦርሳዋን አነሳችና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ይኸው ቦርሳዬ። የአንተንም የእኔንም እናሳያት።»

የክሊኒኩ ኃላፊ ሐኪም ነበረች። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አውጥታ የአለቃችንን ገጽ ከፈተች። ከእሷ ፎቶ ሥር የጥርስ ሐኪሙ ስም ተቀምጧል።

«እኔ የጥርስ ሐኪም የሆንኩት መቼ ነው?»

የአክስቴን ስትከፍት ሁሉም ከነስሙ ቦታው ላይ ነበር። አለቃችን ፊቱ ቀላ። ሴትየዋን ሸኝቶ ሲመለስ ግን አላስቻለውም። «ለአንድ ስም ይህን ያህል ሙጭጭ ማለት ምን ይባላል?» አለ።

«አባቴ ሲሞት የሐዘን ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ፎቶውን ለብቻ፣ ስሙን ለብቻ። ገጹ ሊዘጋ ሲል የዚያን ጊዜው አለቃዬ ፎቶውን ወደ ላይ ገፍቶ የሳሙና ማስታወቂያ አስገባበት። በማግስቱ የአባቴ ስም ከሳሙና ሥር ታትሞ ወጣ። እናቴ ስሙን በመቀስ ቆርጣ ከፎቶው ሥር አስገባችው። ሁለተኛ እኔ እጅ ላይ ማንም ከስሙ አይለይም፤ አባርረኝ!»

አለቃችን ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የራሱን ገጽ ሰረዘ። እሷም ቦርሳዋን አውርዳ ወንበሯ ላይ ሰቀለች።