ያልተጠየቀች አንዲት መስመር

ይህን የምጽፈው በእንጅባራ የሚወራው ወሬ ለእኔ ስለሚያደላ ነው። አዲሱ ኃላፊ በተንኮል ችግኞቼን አስቀረብኝ ይባላል፤ በሻይ ቤትም በባጃጅ ውስጥም የሚያዝንልኝ ሰው አላጣሁም። ሐዘኔታውን ዝም ብዬ ስቀበል ከርሜአለሁ። ዝምታዬ ውሸት እየሆነ ስለ መጣ የራሴን ድርሻ በራሴ እጅ ላስፍር።

እኔና አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ በወንዝ ዳር ችግኝ እናፈላ ነበር። አንድ የልማት ድርጅት አፈሩ የታጠበ ተራራ በዛፍ ሊያለብስ አሰበና ችግኙን እንድናቀርብ ተዋዋለን። ሥራው የሁለት ክረምት ነበር፤ አንዱ ማፍያ፣ ሁለተኛው መትከያ። በውሉ ላይ የተጻፈው ዛፍ ዲከረንስ ነው፤ በጥቂት ዓመት ደርሶ ከሰል የሚሆነው፣ በአካባቢያችን ገበሬው ሁሉ የሚተክለው።

ድርጅቱን ወክለው ከእኛ ጋር የሚነጋገሩት ኃላፊ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የደን ባለሙያ ነበሩ። ውሉ በተፈረመ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጣቢያችን መጡ፤ ከመደቡ አፈር ዘግነው በጣታቸው አሹት፤ ራቁቱን የቀረውን ተራራ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዲከረንሱን ተወው» አሉኝ። «ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ለዚያ ተራራ ምን ይፈይዳል? ዝግባውን፣ ኮሶውን፣ ወይራውን፣ ጥዱን አፍላ። እኔ አለሁ።»

ጓደኛዬ ከኋላ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ገብቶኛል፤ በጽሑፍ ይስጡን ማለቱ ነው። አልጠየቅሁም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆመው የተናገሩትን «እስቲ ይፈርሙበት» ማለት ሐሰተኛ ነዎት ከማለት አይለይም። «እሺ፣ ጋሼ» አልሁ። ዘር ስንለቅም፣ ከረጢት ስንሞላ፣ ጥላ ስንሠራ፣ ስናጠጣ ዓመቱ አለፈ።

ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ኃላፊው በጡረታ ተሰናብተው ወደ ዳንግላ ሄዱ። በቦታቸው የተተካው ሰው ቢበልጠኝ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ነው። የመጣ ዕለት ከባጃጁ ሳይወርድ ውሉን ዘርግቶ አነበበ፤ ከዚያም መደቦቹን አየ።

«ዲከረንሱ የታለ?» አለኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ወረቀት እንዳለኝ ጠየቀኝ። እንደሌለኝ ነገርሁት።

«ወንድሜ፣ እኔ የተረከብሁት ፋይል ነው» አለ። «በፋይሉ ውስጥ ደግሞ አንተ እስካሁን ዲከረንስ እያፈላህ ነው።»

የባጃጁ ሾፌር ሳቀ። ከንግግሩ ይልቅ ያስቆጣኝ ያ ሳቅ ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውንም መደበቅ አይገባኝም። ሰውዬው ሊሄድ ሲል፣ የቀድሞው ኃላፊ አንዲት መስመር ጽፈው ቢፈርሙልኝ ችግኙን እንደሚረከበኝ ነገረኝ። ይህን ሲል በድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ከተማው የሚያወራው ወሬ ይህን አይጨምርም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁትም።

በሳምንቱ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሄድሁ። ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ምሳ አስቀረቡልኝ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አጫወቱኝ፤ ጡረታ የወጣን ሰው ቢሮው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳው በፈገግታ ነገሩኝ። ይህን ካሉኝ በኋላ ቃልዎን የሚቀበል ጠፋ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ «ደኅና ነው» አልኋቸው። ወረቀትና እስክርቢቶ በኪሴ ነበሩ፤ ሳላወጣቸው ተመለስሁ።

እፍረቴን ወደ ቁጣ ለወጥሁት። ለአዲሱ ኃላፊ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስለ አገር በቀል ዛፍ ጥቅምና ስለ ቃል ክብር፣ ካነበብኋቸው መጻሕፍት እየጠቀስሁ፣ አተትሁ፤ በመጨረሻው ገጽ የሰውዬውን የትምህርት ደረጃ የሚነካ ዐረፍተ ነገር አስገባሁ። ግልባጩን ለአለቆቹ ላክሁ።

ቢሮው አስጠራኝ። ተቀመጥም አላለኝም።

«አንተ የምታፈላው ችግኝ ነው ወይስ ድርሰት?» አለ። «እኔ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ደከመኝ። አለቆቼ ግን ሳይደክሙ ጨርሰውታል።»

ደብዳቤዬን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረገው።

«ሽማግሌውን ጠየቅሃቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም። አልጠይቃቸውምም።»

«እንግዲያው እኔም ችግኝህን አላየሁም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እርሱ ስልኬን አላነሣም፤ እኔም በሄድሁበት ሁሉ ስሙን አጠፋሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጓደኛዬ፣ ዝናቡ ሳያልፍ ችግኙን ለአካባቢው ገበሬዎችና ለአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር እናድለው ሲል ለመነኝ። እምቢ አልሁ። ማደል መሸነፍ መስሎ ታየኝ፤ የአለቆቹን መልስም እጠብቅ ነበር። መልስ አልመጣም። ጓደኛዬ «ይህ ጠብ የአንተ ነው፤ የዝግባው አይደለም» ብሎኝ ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ ሄደና ሌላ ሥራ ያዘ።

ነሐሴ አለቀ። ሥሮቹ ከረጢቱን በስተው ወደ መሬት ገቡ፤ ችግኙን ላንሣ ሲሉት የሚበጠስ ሆነ። ኅዳር ላይ ውርጩ የቀረውን አቃጠለው።

ሽማግሌው ወሬው ደርሷቸው በታኅሣሥ መጡ፤ መጀመሪያ አዲሱን ኃላፊ ቢሮው ሄደው አነጋግረውታል። አንድ የደረቀ ዝግባ ከመደቡ ሳቡ፤ ግንዱ በእጃቸው ወጣ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ።

«የጠየቀህ አንዲት መስመር ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቤቴ መጥተህ፣ ምሳ በልተህ ሄደህ ነበር እኮ።»

ወደ መንገዱ ስሸኛቸው ክንዳቸውን ልይዝ ብሞክር አልፈቀዱልኝም። ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አላነሡም።

አዲሱን ኃላፊ ዛሬም አልወደውም፤ እርሱም እኔን አይወደኝም። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ፊታችንን እናዞራለን። ይህን መጻፌ ለእርቅ አይደለም። የጠፋው እንደሚከተለው ነው።

ዝግባ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ።

ኮሶ፣ ስምንት መቶ ስድሳ።

ወይራ፣ አምስት መቶ አሥር።

ጥድ፣ ሦስት መቶ ሰባ።