የበረዶ መሰርሰሪያ

ዛሬ ጎረቤቴ የሣር ማጨጃውን ሲያስነሳ የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ገባና ልጅነቴን አስታወሰኝ።

የምንኖረው ሞቃት በሆነው ደቡብ ሳለ፣ አባቴ በሰሜን፣ በረዷማዋ ሚኒሶታ ሥራ አግኝቶ ነበር። እናቴ ግን «እኔ በረዶ አገር ሙቭ አላደርግም» ብላ አኩርፋ ሰነበተች። አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር፣ ወደ አንድ ከዚያው ከሰሜን የመጡ ሽማግሌ የቤት ጋራዥ ሄድን። ዓሣ ለማጥመድ የሐይቅ በረዶ የሚበሳ ባለሞተር መሰርሰሪያ ሁለት ነበራቸው፤ ሊሸጡ ነው። አባቴ የአዲሱን ማስነሻ ገመድ ቢስብ ቢስብ አልነሳ አለ። አሮጌው ወዲያው ተነሳ።

«እዚያ ጣት ይደነዝዛል፤ ቶሎ የሚነሳውን ውሰድ» አሉት ሽማግሌው።

አባቴ ሞተሩን ሲያጠፋ እናቴ መጥታ አሮጌውን በሁለት እጇ አነሳችው።

«አይከብድም» አለች። «እኔም እችለዋለሁ።»

አሮጌውን ገዝተን ስንመለስ ስለ መሄድ ማንም አላነሳም። እሷ ግን መንገዱን ሙሉ የሐይቅ ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ ታወራ ነበር።